ዝንብ ወይስ ዝምብ? ስለ አንዲት ቃል አጻጻፍ፣ አነባበብና ትርጉም

የእሁድ መምህርት፦

ለመድረኩ አባላት የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ሲሆን፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ ለተወለዱ ልጆች ፊደልና ንባብ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ቃለ ጽሕፈት ሰጥቻቸው ደብተራቸውን ሳርም አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ «ዝምብ» ብላ ጽፋ አገኘኋት፤ እኔም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ «ዝንብ» ብዬ አስተካከልሁላት። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ያሉት እኮ ዝምብ ነው፤ ከንፈርዎ ሲገጥም አይቻለሁ» አለችኝ። እንደገና ድገሚልኝ ብላ ስትጠይቀኝ ቃሉን ቀስ ብዬ ተናገርሁት፤ በእርግጥም ከንፈሬ ገጠመ። እየተጠነቀቅሁ «ን»ን ለይቼ ለማሰማት ብሞክርም ከአፌ የወጣው ድምፅ ለራሴም ባዕድ ሆነብኝ።

ለልጅቱ «ሕጉ እንደዚያ ነው» ብዬ መልስ ሰጠኋት፤ ነገር ግን ሕጉ ምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም፣ ይህም ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ቆየ። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ትክክለኛው አጻጻፍ የትኛው ነው? «ን» ተጽፎ «ም» የሚነበበው ስለ ምንድን ነው? ስሙስ ከምን መጣ፤ በድምፅ ከሚመስለው ከ«ንብ» ጋር ዝምድና አለውን?

አራሚው፦

እህቴ መምህርት፣ ጥያቄሽ በጋዜጣና በመጽሔት ክፍሎች ውስጥ በአራሚነት በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሲመላለስብኝ የኖረ ስለሆነ ቀድሜ ልመልስ። እኔ ሳርም የኖርሁት «ዝንብ» በሚለው ነው፤ አሁንም የምመክርሽ ይህንኑ ነው።

ምክንያቱን ለልጅቱ በእጅ በሚዳሰስ መንገድ ልታሳያት ትችያለሽ። «ን» ስንል ምላሳችን የላይኛውን ጥርስ ሥር ይነካል፤ «ብ» ስንል ግን ሁለቱ ከንፈሮች ይገጥማሉ። ሁለቱ ድምፆች በመካከላቸው አናባቢ ሳይገባ ሲከታተሉ፣ ከንፈር «ብ»ን ለመጥራት ቀድሞ ይዘጋጅና «ን» በከንፈር የሚነገር የአፍንጫ ድምፅ ማለትም «ም» ሆኖ ይወጣል። ይህ በአንድ ቃል ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ወንበር ብለን ጽፈን ወምበር እንላለን፤ ግንብን ግምብ፣ እንባን እምባ፣ አንበሳን አምበሳ፣ አንበጣን አምበጣ፣ ሰንበትን ሰምበት እያልን እናነባለን። አንድም አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ቃላት ምላሱን ከጥርሱ ሥር አሳርፎ «ን» እያሰማ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲያ ብሎ የሚያነብ ሰው ቢኖር ቋንቋውን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል።

ስለዚህ ልጅቱ የሰማችው ትክክል ነው፤ የጻፈችው ግን ከልማዱ ወጥቷል። ሁለቱን ነገሮች ለይተሽ ብትነግሪያት መልካም ይመስለኛል፤ ጆሮዋን የሚያመሰግን እርማት እንጂ የሚያስወቅስ እርማት አይሁንባት።

«ንብ»ን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ«ንብ» ውስጥ ያለው «ን» የራሱ አናባቢ አለው፤ ሳድስ ቢሆንም ይነገራል። በ«ዝንብ» ውስጥ ያለው «ን» ግን አናባቢ የለውም። ፊደላችን ሳድስን አናባቢ ላለውም ለሌለውም በአንድ መልክ ስለሚጽፈው ልዩነቱ በዓይን አይታይም እንጂ፣ «ንቦች» እና «ዝንቦች» ብለሽ ብታስነብቢያት በመጀመሪያው ከንፈር ሳይገጥም «ን» ጥርት ብሎ ሲሰማ፣ በሁለተኛው «ም» ሆኖ ትሰማዋለች።

የደምቢያው፦

ለአራሚው ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ በድምፅ ማብራሪያቸውም እስማማለሁ። በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም፤ ተቃውሞዬም ከስሜት የመነጨ ሳይሆን እርሳቸው ራሳቸው ከደረደሯቸው ቃላት የመነጨ ነው።

«ወንበር» በ«ን» መጻፉ ምክንያት አለው፤ ግዕዙ «መንበር» ሲሆን ሥሩ «ነበረ» ማለትም ተቀመጠ ነውና፣ «ን» በግልጽ የሚሰማበት ግስ ምስክር ሆኖ ቆሞለታል። «ግንብ»ም እንዲሁ «ገነባ» የሚል ግስ አለው። በልጅነታችን «ጥምብ» እያልን የምንጠራው የበሰበሰ ሥጋ «ጥንብ» ተብሎ ቢጻፍ «ጠነባ» የሚለው ግስ ይመሰክርለታል። በእነዚህ ሁሉ «ን» አንድ ቦታ ላይ ቢደበቅ ሌላ ቦታ ላይ ብቅ ይላል። እንግዲህ አራሚው ይንገሩኝ፦ በ«ዝንብ» ውስጥ ያለው «ን» በየትኛው ግስ፣ በየትኛው ርቢ ላይ ብቅ ይላል? ነጠላው ዝምብ፣ ብዙው ዝምቦች፣ ባለቤትነቱ የዝምብ፤ «ን» የሚሰማበት አንድም ቦታ የለም። ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ ጻፉ ብሎ ልጆችን ማስገደድ ተገቢ አይመስለኝም።

ደግሞም አማርኛ «ም»ን ከ«ብ» በፊት ለመጻፍ የሚፈራ ቋንቋ አይደለም። አምባ፣ አምባር፣ እምቢታ፣ ቢምቢ እያልን ያለ ምንም ክርክር እንጽፋለን። የተወለድሁበትን አገር ስም አንዳንዱ ደምቢያ፣ አንዳንዱ ደንቢያ ብሎ ሲጽፈው እያየሁ አድጌአለሁ፤ እኔ ግን እናቴ እንደምትጠራው በ«ም» እጽፈዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የአገር ቤት ተረትና ምሳሌ ፍርዱን የሰጠ ይመስለኛል። «ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም» እንላለን። ይህንን ምሳሌ በአፋችሁ ጮክ ብላችሁ በሉትና አድምጡት፤ ምሳሌው የቆመው «ዝም ባ...» እና «ዝምብ» በሚሰጡት የድምፅ ግጥምጥም ላይ ነው። አንዱን በ«ም» ሌላውን በ«ን» ስንጽፈው፣ አባቶች በጆሮ የሸመኑትን ውበት በዓይን እንሰውረዋለን።

ወላጅ፦

ከልጆቼ ጋር እየተከታተልሁት ያለ ጠቃሚ ውይይት ነው። የስሙን ምንጭ በተመለከተ ሁለት ነገሮች ሲባሉ ሰምቻለሁና ዕውቀቱ ያላችሁ ብታጣሩልን። አንደኛው «ዝንብ» ከ«ዘነበ» ጋር አንድ ነው፤ ዝናብ ሲጥል፣ በተለይም በመስከረም ክረምቱ ወጣ ሲል ስለሚበዛ ስሙን ከዝናብ አግኝቷል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በግዕዝ «ዝ» ማለት «ይህ» ስለሆነ «ዝ» እና «ንብ» ተጋጥመው «ይህ ንብ» ማለት ሆኗል የሚል ነው። አንደኛው እውነት ከሆነ የደምቢያው ወንድማችን የጠየቁት ግስ ተገኘ ማለት ነው፤ «ዘነበ» «ን»ን በግልጽ ያሰማልና።

የአብነት ተማሪ፦

ለወላጅ ወንድሜ፣ ሁለቱም አተረጓጎም ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም ግዕዙ ሲመረመር አይጸናም።

በግዕዝ ዝናብ «ዝናም» ነው፤ ግሱም «ዘንመ» ነው። የመጨረሻው ፊደል «ም» እንጂ «ብ» አይደለም። በአማርኛም «ዝናም» እና «ዘነመ» የሚሉት እስከ ዛሬ ይነገራሉ፤ «ብ» በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ዛሬ «ዝናብ» እና «ዝንብ» መመሳሰላቸው «ም» ወደ «ብ» ከተለወጠ ወዲህ የተፈጠረ ነው፤ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ሁለቱ ቃላት ይራራቃሉ እንጂ አይቀራረቡም። በመስከረም ዝንብ መብዛቱ እውነት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ስሙን ወደ ዝናብ ማስጠጋት ግን ሁለት ጎረቤታሞችን ወንድማማች ናቸው እንደ ማለት ነው።

«ንብ»ም በግዕዝ «ንህብ» ነው፤ በመካከል «ህ» አለበት። ትግርኛ እስካሁን «ንህቢ» እያለ ይህንን «ህ» ጠብቆታል። «ዝንብ» ከ«ዝ» እና ከ«ንህብ» ቢወጣ ኖሮ የ«ህ»ው ፍንጭ በአንድ በኩል በተገኘ ነበር። ከዚህም ሌላ «ዝ» የሚለው አመልካች ከነፍሳት ስም ጋር ተጣብቆ አንድ ቃል የሆነበት ሌላ ምሳሌ አላገኘሁም።

መጽሐፍ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጡን ግን ልብ በሉ። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 7 ቁጥር 18 ላይ እግዚአብሔር በግብፅ ወንዝ ዳርቻ ያለውን ዝንብ፣ በአሦርም አገር ያለውን ንብ በፉጨት እንደሚጠራ ተጽፏል። ሁለቱ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት የተለያዩ ፍጥረታትና ሁለት የተለያዩ መንግሥታት ሆነው ነው። በግዕዝ መጻሕፍት ዝንብ የሚጠራበት የታወቀው ስም «ጽንጽያ» ነው፤ ትግርኛም ይህንን ቃል ይዞታል። አማርኛ ግን ሌላውን ስም መርጦ ቀርቷል፤ ይህ ስም ከየት እንደመጣ ከእኔ ይልቅ የሴም ቋንቋዎችን ያጠኑ ቢናገሩ ይሻላል።

ከሬሆቮት፦

የአብነት ተማሪው መንገዱን ስለጠረገልኝ አመሰግናለሁ። የምኖረው በእስራኤል ነው። ቤታችን ውስጥ ይህ ቃል በየቀኑ በሁለት መልክ ይነገራል፦ እናቴ በምጣዷ ላይ ያረፈውን ጥቁር ነገር «ዝምብ» ስትለው፣ ልጄ ደግሞ ከትምህርት ቤት እንዳመጣው «ዝቩቭ» ይለዋል። ለዓመታት ሁለት ቃል ይመስለኝ ነበር። የሴም ቋንቋዎችን ማጥናት ከጀመርሁ በኋላ ግን አያትና የልጅ ልጅ የሚጠሩት አንድና ያው ቃል መሆኑን ስረዳ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕብራይስጥ «ዝቡብ» (ዛሬ ሲነገር «ዝቩቭ»)፣ በዐረብኛ «ዙባብ»፣ በሶርያውያን አራማይክ «ደባባ»፣ በጥንቷ መስጴጦምያ ይነገር በነበረው በአካድ ቋንቋ ደግሞ «ዙቡ» («ቡ» ጠብቆ) ይባላል። የመጀመሪያው ድምፅ በጥንቱ የሴም ቋንቋ ምላስ በጥርስ መካከል ወጣ ብሎ የሚነገር «ዝ» ነበር። ዐረብኛ ያንን ድምፅ እስካሁን ጠብቆታል፤ አራማይክ ወደ «ደ»፣ ዕብራይስጥና ግዕዝ ወደ «ዘ» ለውጠውታል። ይህ አለዋወጥ በሌሎች ቃላትም ላይ ያለ ማወላወል ይታያል፤ ለምሳሌ በዐረብኛ «ዚእብ» የተባለው ተኩላ በዕብራይስጥ «ዝኤቭ» ሲሆን፣ በግዕዝ «ዝእብ» ሆኖ ወደ ጅብ ዞሯል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሁለት ድምፆች በሁሉም ዘንድ «ብ» እና «ብ» ናቸው። እንግዲህ በስሙ ሥር ውስጥ «ን»ም የለም፣ «ም»ም የለም፤ ያሉት ሁለት «ብ»ዎች ናቸው።

ታዲያ የአፍንጫው ድምፅ ከየት ገባ? በሴም ቋንቋዎች ጠብቆ የሚነገር ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ለሁለት ይከፈልና የፊተኛው ግማሽ ወደ አፍንጫ ድምፅ ይለወጣል፤ «ብብ» የነበረው «ንብ» ወይም «ምብ» ይሆናል። ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው የአካድ ቋንቋ ነው፤ በሸክላ ጽላቶች ላይ «ዙቡ» ከሚለው ጎን «ዙምቡ» የሚል አጻጻፍ ይገኛል። በዚሁ ቋንቋ በተጻፈው፣ ጊልጋሜሽ ስለተባለ ንጉሥ በሚናገረው ጥንታዊ ትረካ አሥራ አንደኛ ጽላት ላይ፣ ከጥፋት ውኃ የዳነው ሰው መሥዋዕት ሲያቀርብ አማልክቱ እንደ ዝንብ በመሥዋዕቱ ዙሪያ ተሰበሰቡ በተባለበት ቦታ የተጻፈው ቃል ይኸው ነው። ከባቢሎን ሸክላ ላይ «ዙምቡ» የሚለውን ሳነብ እናቴ በጭራ እያባረረች የምትጠራው ስም ነው የመጣብኝ።

ለዚህ አለዋወጥ ከእኛው ቤት የሚገኝ ምስክር ደግሞ አራሚው ሳያስቡት የጠቀሱት «ሰንበት» ነው። በዕብራይስጥ «ሻባት» ይባላል፤ «ባ» ይጠብቃል፤ በመካከሉ «ን» የለበትም። ወደ ግዕዝ ሲገባ የጠበቀው «ብ» ተከፍሎ «ሰንበት» ሆነ። ዛሬ ሁላችንም «ን» ጽፈን «ሰምበት» እያልን እናነባለን። «ዝንብ»ም በትክክል የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ የደምቢያው ወንድማችን «ን» በየትኛው ርቢ ላይ ይታያል ብለው የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም፣ በዚያው መለኪያ «ሰንበት»ም ይወድቃል፤ እርሱንም «ሰምበት» ብለን ካልጻፍን በስተቀር። በሥር መሠረት ከተፈረደ ደግሞ ሁለቱም ወገን አይረታም፤ የቃሉ ባለቤት «ብ» ነውና።

አንድ የታሪክ ማስረጃ ለ«ም» ወገን ልጨምር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ ገብቶ፣ ጎንደርን አይቶ፣ በስናር በኩል ከተመለሰ በኋላ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ስለዚህ ነፍሳት ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ጽፏል። በላቲን ፊደል ያሰፈረው «ዚምብ» ብሎ በ«ም» ነው፤ «ጻልጻልያ» የሚል ሌላ ስምም ጨምሮበታል። ብሩስ የሰማውን በባዕድ ፊደል ስለጻፈ የእኛ የአጻጻፍ ልማድ አላሰረውም፤ ከ250 ዓመት በፊትም ከንፈር ይገጥም እንደነበር ከዚህ እንረዳለን። ቃሉም በእርሱ በኩል ወደ ትልልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ«ም» ገብቷል።

አንድ ተያያዥ ነገር ጠቅሼ ላብቃ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 1 ላይ የፍልስጥኤማውያን ከተማ የአቃሮን አምላክ ስም በዕብራይስጡ «በዓል ዝቡብ» ነው፤ ቃል በቃል «የዝንብ ጌታ» ማለት ነው። በአማርኛው «ብዔልዜቡል» ተብሎ በ«ል» ስለተጻፈ ዝንቡ ከስሙ ውስጥ አይታይም። የጥንቷ አቃሮን ፍርስራሽ ከምኖርበት ከተማ ሩቅ አይደለም፤ በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

የከብት ሐኪም፦

ስለ አጻጻፉ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ትርጉሙ ግን ጥቂት ልበል። ብሩስ «ዚምብ» ብሎ የገለጸው የቤት ዝንብ አይደለም። ከንብ ጥቂት ከፍ የሚል፣ ወፈር ያለና ከብት የሚያሠቃይ ተናካሽ እንደሆነ፣ ድምፁ ሲሰማ ከብቱ ግጦሹን ትቶ እንደሚፈረጥጥ፣ እረኞችም ክረምት ሲገባ ከብታቸውን ከጥቁሩ አፈር በሱዳን ወዳለው የአትባራ አሸዋ እንደሚያሸሹ ነው የጻፈው። የኢሳይያስንም ቃል ያገናኘው ከዚሁ ጋር ነው። ይህ የሚያሳየው «ዝንብ» በአገራችን ለአንድ ዓይነት ነፍሳት የተሰጠ የግል ስም ሳይሆን ለብዙ ባለ ሁለት ክንፍ ነፍሳት የወል ስም መሆኑን ነው።

ዛሬም ቢሆን ያለ ቅጽል «ዝንብ» ስንል የቤቱን ማለታችን ነው፤ የቀሩትን በቅጽል እንለያቸዋለን። በአባይ፣ በዲዴሳ፣ በባሮ፣ በጊቤና በኦሞ ሸለቆዎች ከብት የሚፈጀውን የገንዲ በሽታ የምታስተላልፈውን ፄፄ «የቆላ ዝንብ» እንላታለን፤ የካላ አዛርን በሽታ የምታስተላልፈውን ደግሞ «የአሸዋ ዝንብ»። የአሸዋ ዝንብ የምትባለዋ በመልኳ ከዝንብ ይልቅ ለትንኝ የቀረበች ስለሆነች ስሙ ከውጭ ቋንቋ በቀጥታ የተገለበጠ ነው፤ የቆላውን ዝንብ ግን አርሶ አደሩ ራሱ ያወጣው ስለሆነ፣ በምሠራበት ወረዳ ስሙን ስጠራ ማንም ማብራሪያ አይጠይቀኝም። ትንኝ ከዝንብ የተለየች መሆኗን አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ «ትንኝን የምታጠሩ ግመልንም የምትውጡ» የሚለው የወንጌል ቃል በዝንብ ቢተካ ትርጉሙ ይበላሻል፤ ቃሉ የሚፈልገው ከሁሉ ያነሰችውን ነውና።

አራሚው፦

ከሬሆቮት የጻፉልን ወንድም «ሰንበት»ን እንደ ምሳሌ ስጠቅስ ምን እንደያዝሁ አሳይተውኛል፤ ለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሥሩ የነበረኝ ግምት ስሕተት መሆኑንም እቀበላለሁ፤ «ን» ጥንታዊ ነው ብዬ አምን ነበር።

ሆኖም የአጻጻፍ ሥርዓት የቆመው በሥር ላይ ብቻ አይደለም። የደምቢያው ወንድሜ እንዲያስቡበት የምፈልገው አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። በሥራዬ መጨረሻ ዓመታት ጽሑፍ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ፣ አንድን ቃል በመፈለጊያ ውስጥ ስጽፍ ማሽኑ የሚያመጣልኝ በዚያው ፊደል የተጻፈውን ብቻ ነበር። «ዝንብ» ብዬ ስፈልግ «ዝምብ» የተባለው አይወጣም፤ ስለ አንድ ነገር የተጻፈው ለሁለት ተከፍሎ ይቀራል። በአማርኛ በ«ሀ» እና በ«ሐ»፣ በ«ሰ» እና በ«ሠ» ምክንያት ይህ ችግር አስቀድሞ አለብን፤ ሌላ መጨመር ይከብዳል። እነ ወንበር፣ ሰንበት፣ አንበሳ በ«ን» ጸንተው ከቆሙ፣ ዝንብ ብቻውን ተለይቶ ቢወጣ ተማሪው አንድ ሕግ በመያዝ ፈንታ የቃላት ዝርዝር ሊሸመድድ ነው።

ከምሳሌው በስተቀር የቀሩት አነጋገሮች በ«ን» ቢጻፉ የሚጎዱም አይመስለኝም። «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም»፤ «የዝንብ ጠንጋራ ያውቃል»፤ «ዝንቡን እሽ የሚለው የለም»፤ አንባቢው ሁሉንም በለመደው ድምፅ ያነባቸዋል።

የደምቢያው፦

አራሚው ከጠቀሷቸው መካከል «የዝንብ ጠንጋራ ያውቃል» የሚለውን አባቴ ስለ አንድ ከብት ነጋዴ ሲናገር የሰማሁበትን ቀን አስታወሱኝ። ሰውየው የበሬውን ጥርስ ሳይከፍት፣ አረማመዱን ብቻ አይቶ ዕድሜውን ይናገር ነበር። «ይህ ሰው የዝንብ ጠንጋራ ያውቃል» አለኝ አባቴ፤ የዝንብን ዓይን መንሸዋረር እንኳ ለይቶ የሚያውቅ፣ ከእርሱ የሚሰወር ነገር የሌለ ማለቱ ነበር። አነጋገሩ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ያው እንደሆነ አልክድም።

«ሰንበት»ን በተመለከተ የቀረበልኝ መልስ ረትቶኛል። በ«ሰንበት» ላይ የማልጠይቀውን በ«ዝንብ» ላይ መጠየቄ ትክክል አልነበረም። «ጥንብ» እና «ግንብ» የያዙትን ምስክር «ዝንብ» አይዝም ያልሁት ግን አሁንም እውነት ነው፤ ስለዚህ በ«ም» የጻፈ ሰው ተሳስቷል ተብሎ በቀይ መሰረዙን አልቀበልም። ምሳሌውንም እኔ በምጽፍበት ሁሉ «ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም» ብዬ እጽፋለሁ፤ በዚያ ቦታ ላይ ድምፁ የትርጉሙ አካል ነውና። በቀረው «ን» ለመጻፍ ተስማምቻለሁ።

የአብነት ተማሪ፦

የምሳሌውን ነገር የደምቢያው ወንድሜ በሚገባ አይተውታል። በቅኔ ቤትም ድምፅ የሚያጣምራቸው ሁለት ቃላት ሲገኙ፣ ጽሕፈቱ ለድምፁ እንዲታዘዝ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የሚይዘው ቃል፣ እንዲሰማ ነው። እዚህ ላይ «ዝም» ዝምታ ነው፣ «ዝምብ» ደግሞ ዝምታውን ያፈረሰ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ አፍ ሲከፈት የሚገባው ነገር ስም ራሱ «ዝም» ብሎ ይጀምራል። ይህንን ለልጆች ጮክ ብሎ ማስነበብ ብቻ ይበቃል።

የእሁድ መምህርት፦

ለሁላችሁም ያለኝ ምስጋና በቃላት የሚገለጽ አይደለም፤ የጠየቅሁት ስለ አንድ ፊደል ነበር።

ትናንት እሁድ ልጅቱን ከክፍሉ ፊት አቁሜ፣ ሁሉም ልጆች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ እንዲያደርጉ ነገርኋቸው። «ንቦች» አሉ፤ በመጀመሪያው ፊደል ከንፈራቸው አልገጠመም። «ዝንቦች» አሉ፤ ገጠመ። ቀጥለው «ወንበር» እና «ሰንበት» አሉ፤ ገጠመ። ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ሳልጠይቀው «አንበሳም ያው ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያም በሰሌዳው ላይ «ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም» የሚለውን በ«ም» ጻፍሁላቸውና እየተቀባበሉ አነበቡት።

የልጅቱን ደብተር ተቀብዬ በቀይ የሰረዝሁትን አጠፋሁት። ከጎኑ በእርሳስ «የሰማሽው ዝምብ ነው፤ የምንጽፈው ዝንብ ነው» ብዬ ጻፍሁና መለስሁላት። አንብባው ስታበቃ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አያቷ በስልክ ከጎንደር ስታናግራት «እምባዬ መጣ» ትላታለችና፣ እርሱም በ«ን» ነው ወይ አለችኝ። በ«ን» መሆኑን ነገርኋት፤ በግዕዝ «አንብዕ» እንደሚባልም ጨመርሁላት። እርሷም ደብተሯን ከፍታ ከ«ዝንብ» ሥር «እንባ» ብላ ጻፈች።